ለውሻ የሚጋገር የበዓል ዳቦ፤ ታሪኩና ትርጉሙ

መግቢያ

ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ለሰው ለማዳ የሆነው ውሻ መሆኑን የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ይስማሙበታል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከሰው የተረፈውን ነው። አጥንትና አንጀት፣ ፍርፋሪና ያደረ ምግብ ድርሻው ሆኖ ኖሯል። በወንጌል የተጻፈው የከነዓናዊቷ ሴት ታሪክ እንኳ ውሻ ከጌታው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ እንደሚበላ የታወቀ ነገር አድርጎ ይናገራል። በአገራችንም በዓመት በዓል ቀን በግ ሲታረድ ውሻው ደጅ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይህንኑ ትራፊ ነው።

ነገር ግን በልዩ ልዩ አገርና ዘመን ሰዎች የተረፈውን በመጣል ብቻ አልተወሰኑም። ሆነ ብለው ለውሻ ዱቄት አቡክተው ጋግረዋል፤ ከዚያም አልፈው በበዓል ቀን የተለየ ምግብ አዘጋጅተውለታል። ዛሬ በአሜሪቃና በእንግሊዝ አገር ለልደት በዓል በየቤቱ በአጥንት ቅርጽ እየተቆረጠ የሚጋገረው የውሻ ብስኩት የዚህ ረጅም ልማድ የመጨረሻ ልጅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛው፣ ሰው ለውሻ ሆነ ብሎ የጋገረው ስለ ምንድር ነው? ሁለተኛው፣ በበዓል ቀን ለውሻ የሚሰጠው ምግብ በሰውና በውሻ መካከል ስላለው ግንኙነት ምን ያስረዳል? ነገሩ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን የሚያስቅ ሊመስላቸው ይችላል። ዳቦ ያጣ ሰው ሞልቶ ሳለ ስለ ውሻ ዳቦ መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚልም አይጠፋም። ይህ ተቃውሞ ግን ራሱ የታሪኩ አንድ ክፍል ስለ ሆነ ወደፊት እናገኘዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

፩. ዳቦ እንደ ደመወዝ

ስለ ውሻ ዳቦ ከተጻፉት የቆዩ ምስክሮች መካከል የሮማውያን የእርሻ መጻሕፍት ዋነኞቹ ናቸው። ቫሮ የተባለው ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ገደማ በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ፣ የእረኛ ውሻ በወተት የራሰ የገብስ ዳቦ እንዲሰጠው ይመክራል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ይህን ምግብ የለመደ ውሻ ከመንጋው ቶሎ አይለይም ይላል። የሞተ በግ ሥጋ ግን እንዳይሰጠው ያስጠነቅቃል፤ የበግ ጣዕም የለመደ ውሻ መንጋውን ከመጠበቅ ይልቅ ወደ መብላት እንዳያዘነብል ነው። ከእርሱ በኋላ በአንደኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ኮሉሜላ ደግሞ በአጓት የተለወሰ የገብስ ዱቄትን ያዝዛል። ከብት በማይሰማራበትና አጓት በማይገኝበት የወይን እርሻ፣ በባቄላ ቅቅል ውሃ የራሰ የስንዴ ዳቦ ይሰጥ ይላል።

ከዚህ የምንረዳው ለውሻ መጋገር የተጀመረው በርኅራኄ ብቻ እንዳልሆነ ነው። የገብስ ዳቦው የዘበኝነት ደመወዝ ነበረ። እኛም ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ቫሮ ሊያስረዳ የፈለገው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለው ዳቦ ግን የዘወትር ቀለብ እንጂ የበዓል ስጦታ አልነበረም።

፪. የአዳኞች ግብዣ

በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይና በእንግሊዝ መኳንንት ቤት አደን ታላቅ ሥርዓት ነበረው። የፎዋ መስፍን ጋስቶን ፌቡስ በ1387 መጻፍ በጀመረው የአደን መጽሐፍ ስለ ውሾች ማደሪያ፣ ሕክምናና ቀለብ በዝርዝር አስተምሯል። ይኸው መጽሐፍ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የዮርክ መስፍን በነበረው በኤድዋርድ እጅ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሷል። የአዳኝ ውሾቹ የዘወትር ምግብ ፉሩሽካ የበዛበት ዳቦ ነበረ።

አደኑ በተሳካ ቀን ግን ሌላ ሥርዓት ይፈጸማል። አጋዘኑ ከተገፈፈ በኋላ የታጠበው አንጀት ተከትፎ ከዳቦና ከደም ጋር ይደባለቃል፤ በአጋዘኑ ቆዳ ላይ ተዘርግቶም መለከት እየተነፋ ለውሾቹ ይቀርባል። ፈረንሳውያን ይህን ሥርዓት «ኩሬ» ይሉታል፤ ስሙም የወጣው ቆዳ ከሚለው ቃላቸው ነው። እዚህ ላይ ዳቦው ከቀለብነት አልፎ የድል ግብዣ ሆኗል። ጌታውና አዳኙ ድርሻቸውን እንደሚቀበሉ ሁሉ ውሻውም በሰው ፊት፣ በክብር፣ የራሱን ድርሻ ይቀበላል። ሆኖም ግብዣው ለሥራው የሚከፈል ዋጋ መሆኑ አልቀረም። ያልሮጠ ውሻ አይጋበዝምና።

፫. የቅዱስ ሁበርት ዳቦ

ቅዱስ ሁበርት በ727 ያረፈ የሊዬዥ ጳጳስ ነው። በ825 ዐፅሙ ዛሬ በቤልጅግ አገር በአርደን ደን ውስጥ ወደሚገኝ ገዳም ፈለሰ፤ ቦታውም በስሙ ተጠራ። የአዳኞች ጠባቂ ተብሎ ስለ ተቆጠረ፣ በዓሉ በሚውልበት በኅዳር ወር (ኖቬምበር) 3 ቀን ሰዎች ዳቦ ጋግረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ። ካህኑ ከባረከው በኋላ ቤተ ሰቡ ይበላዋል፤ ለውሻውና ለፈረሱም ይቆረስለታል። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይፈጸማል።

ይህ ዳቦ ከሮማውያኑም ከአዳኞቹም ዳቦ የተለየ ነው። አንደኛ፣ ሰውና ውሻ የሚበሉት አንዱን ዳቦ ነው። ሁለተኛ፣ የተሰጠበት ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታን ከመፍራት የመጣ ነው። በዚያ ዘመን በአበደ ውሻ የተነከሰ ሰው በሽታው ከተነሣበት ሞቱ የታወቀ ነበረ። ስለዚህ የተባረከውን ዳቦ ለውሻ መስጠት ውሻውንም፣ ልጆቹንም፣ ጎረቤቱንም ለመጠበቅ የሚደረግ ጸሎት ነበረ። «የቅዱስ ሁበርት ቁልፍ» በተባለ የጋለ ብረት የውሻውን ግንባር መተኮስም ከዚሁ ልማድ ጋር አብሮ ይሠራበት ነበረ።

በሽታውን ለመከላከል የተቻለው ግን ሉዊ ፓስተር በሐምሌ ወር (ጁላይ) 6 ቀን 1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ማከም ከጀመረ በኋላ ነው። ዳቦው ፍርሃታቸውንና ፍቅራቸውን ይገልጻል፤ ውሻውን ከእብደት የሚጠብቀው ግን ክትባት ነው። በዓሉ ክትባቱ ከተገኘ በኋላም መቀጠሉ፣ ዳቦው ከመድኃኒትነት ሌላ ትርጉም እንደ ነበረው ያሳያል።

፬. የውሾች ቀን በኔፓል

በውሻ ስም የተሰየመ በዓል ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ኔፓል ናት። በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ የሚውለው የቲሐር በዓል አምስት ቀን ይከበራል። የመጀመሪያው ቀን የቁራ፣ ሁለተኛው የውሻ፣ ሦስተኛው የላም ነው፤ በአራተኛው ቀን በሬ ይከበራል፤ በአምስተኛው ቀን እኅቶች ወንድሞቻቸውን ይባርካሉ። ሁለተኛው ቀን ኩኩር ቲሐር ይባላል። በዚያ ቀን በውሻ አንገት የአበባ ጉንጉን ይጠለቃል፤ በግንባሩም ቀይ ምልክት ይደረግለታል። ከዚያም ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ እንዲሁም ከሩዝ ዱቄት እንደ ቀለበት ተደርጎ በዘይት የሚጠበሰው «ሴል ሮቲ» ይቀርብለታል። ሴል ሮቲ ቤተ ሰቡ ራሱ ለበዓሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ነው።

የዚህ ሥርዓት መሠረት ሃይማኖታዊ ነው። በሂንዱዎች መጻሕፍት የሙታን ንጉሥ ያማ ሁለት ውሾች ጠባቂዎቹ ናቸው። በማሐባራታም ንጉሥ ዩዲሽቲራ የተከተለውን ውሻ ትቶ ወደ ሰማይ መግባትን እንቢ እንዳለ ተተርኳል። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን፣ በዚህ ቀን ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ እንኳ ሳይቀር መመገቡ ነው። ደጅ ያልጠበቀ፣ አጋዘን ያላሳደደ ውሻ ድርሻውን ይቀበላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍል ያየነው የደመወዝ አሳብ እዚህ አይሠራም።

ይሁን እንጂ የካትማንዱ ከተማ አስተዳደር የመንገድ ውሾችን ቍጥር ለመቀነስ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በመርዝ ያስገድላቸው ነበረ። በአንድ ከተማ ውስጥ የአበባ ጉንጉንና መርዝ አብረው ኖረዋል ማለት ነው። በኋላ ማምከንና መከተብ የመርዙን ቦታ እየተካ ሄደ። የታሪክ ተማሪ የበዓልን ቀን ብቻ አይቶ ስለ ዓመቱ ሁሉ መፍረድ እንደማይገባው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

፭. ዳቦው ወደ ፋብሪካ ሲገባ

በመግቢያው የተነሣውን ተቃውሞ በግልጥ የምናገኘው በእንግሊዝ ፓርላማ ነው። በ1795 እህል ጠፍቶ የዳቦ ዋጋ በጣም ስለ ተወደደ፣ በ1796 ጆን ዴንት የተባለው የምክር ቤት አባል በውሻ ላይ ግብር እንዲጣል ጠየቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ለድሃው የሚሆነውን ምግብ ውሾች ይጨርሱታል የሚል ነበረ። ዊልያም ዊንደም የመሳሰሉት ተቃዋሚዎች ደግሞ ውሻ የድሃው ሰው ባልንጀራ ነው ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ግብሩ ተጣለ፤ ዴንትም «ውሻው ዴንት» የሚል የፌዝ ስም አተረፈ። ክርክሩ የሚያስረዳው የውሻ ዳቦ ጥያቄ ሁልጊዜ የሰው ዳቦ ጥያቄ መሆኑን ነው።

በ1860ዎቹ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪቃዊ በሎንዶን ለውሻ ብቻ የሚሆን ብስኩት እየሠራ መሸጥ ጀመረ። አሳቡ የመጣለት በወደብ ያሉ ውሾች የመርከበኞችን ደረቅ ብስኩት ሲበሉ አይቶ ነው ተብሎ ይተረካል። ብስኩቱ የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት፣ ከአትክልትና ከደረቀ ሥጋ ነበረ። በዚሁ ንግድ ቤት በወጣትነቱ ተቀጥሮ የሠራው ቻርልስ ክራፍት በ1891 በስሙ የተጠራውን የውሻ ትርኢት በሎንዶን ከፈተ። በኒው ዮርክም በ1908 የቤኔት ብስኩት ፋብሪካ በአጥንት ቅርጽ የተሠራውን «ሚልክ ቦን» የተባለ ብስኩት አወጣ። ዛሬ በየቤቱ የሚጋገረው ብስኩት የአጥንት ቅርጽ የያዘው ይህን የፋብሪካ ምሳሌ በመከተል ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆየውን ጥያቄ እንደገና አስነሣ። በመስከረም (ሴፕቴምበር) 1939 በሎንዶን ሰዎች ቦምብና ረሃብ ይመጣል ብለው በመስጋት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ውሾቻቸውንና ድመቶቻቸውን በፈቃዳቸው አስገደሉ። በ1940 ደግሞ ለሰው የሚሆን ምግብ ማባከን በሕግ የሚያስቀጣ ሆነ። በአሜሪቃም ቆርቆሮ ለጦር ሥራ ስለ ተፈለገ የታሸገው የውሻ ሥጋ ቀርቶ ደረቁ ምግብ ተስፋፋ። በ1960ዎቹ የውሻ ምግብ ሠሪዎች ማኅበር ከማዕድ የተረፈ ምግብ ለውሻ አይስማማም፣ ከፋብሪካ የወጣው ብቻ ይሰጠው እያለ ሕዝቡን ይቀሰቅስ ጀመር። የቤት እመቤቲቱ ከጥንት ጀምሮ የያዘችው ሥራ በዚህ አኳኋን ከእጅዋ ወጣ።

፮. ወደ ወጥ ቤት መመለስ

በመጋቢት (ማርች) 2007 በሰሜን አሜሪቃ የታወቁ የውሻና የድመት ምግቦች በድንገት ከገበያ ተሰበሰቡ። ከቻይና የመጣው የስንዴ ውጤት ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ተቀላቅሎበት ስለ ነበረ፣ ብዙ እንስሳት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ። በፋብሪካው ላይ የነበረው እምነት ስለ ተናወጠ ብዙ ሰዎች ራሳቸው ማብሰል ጀመሩ።

ለበዓል በቤት የሚጋገረው ብስኩት ሲታይ ከሮማውያኑ ምግብ እጅግ የራቀ አይደለም። የስንዴ ወይም የአጃ ዱቄት፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ዱባ ወይም ጣፋጭ ያልገባበት የለውዝ ቅቤ ተለውሶ፣ በስሱ ተዳምጦ፣ ደረቅ እስኪል በምድጃ ይጋገራል። አደጋው የሚመጣው የሰውን የበዓል ምግብ እንዳለ ለውሻ በመስጠት ነው። በቸኮላታ ውስጥ ያለውን ቴዎብሮሚን የውሻ ሰውነት ቶሎ ማስወገድ ስለማይችል ልቡን ይጎዳዋል። ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጠፋል። ዘቢብና ወይን ኩላሊትን ያበላሻሉ። በስኳር ምትክ የሚገባው ዚሊቶል የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይቀንሳል፤ ጉበቱንም ይጎዳል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ሊበሳ ይችላል። እንግዲህ ለውሻ ለብቻው መጋገር ቅምጥልነት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮችን ለመረዳት ይቻላል። መጀመሪያ፣ ለውሻ መጋገር የተጀመረው ለአገልግሎቱ ዋጋ ለመክፈል ነው፤ የበዓል ዳቦ ግን ቀስ በቀስ ከአገልግሎት ተለይቶ ውሻውን ከቤተ ሰቡ፣ በኔፓልም ከከተማው ማኅበር የሚቈጥር ምልክት ሆኗል። ሁለተኛ፣ ፋብሪካ የዘወትሩን ቀለብ ለመውሰድ ቢችልም የበዓሉን ስጦታ ፈጽሞ ሊወስድ አልቻለም፤ ምክንያቱም የስጦታው ዋጋ በሰጪው እጅ መሠራቱ ነው። ሦስተኛ፣ ዳቦ ባነሰ ቍጥር የውሻው ድርሻ ወደ ክርክር ይቀርባል። የ1796ና የ1940 ሕጎች እንደሚያሳዩት፣ ሰው በተራበበት ጊዜ የውሻ ዳቦ ሊጠየቅበት ይገባል። ሆኖም ዊንደም እንዳለው ድሃውም ውሻ አለው፤ ድሃውም ከቍራሹ ይቆርስለታል። ስለዚህ ጥያቄውን ለጠገበ ብቻ የሚሆን አድርጎ ማቃለል ትክክል አይመስለንም።

የቅዱስ ሁበርት ዳቦና የካትማንዱ ጉንጉን የሚያስተምሩን ግን ከዚህ ይበልጣል። ለውሻ አንድ ቀን ዳቦ መጋገር ቀላል ነው። ማስከተብ፣ ማጠጣትና በመንገድ አለመጣል የቀሩትን 364 ቀኖች የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንድ ሕዝብ ስለ እንስሳቱ ያለውን አሳብ ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ የበዓሉን ምግብ ከመዘገበ በኋላ፣ በማግሥቱ ውሻው ምን እንደ በላ መጠየቅ ይገባዋል።