የበግ ሜዳና የክለብ ቤት

ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው ይባላል። መቼም የዛሬውን አይቶ እንዲህ በሚል ሰው አይፈረድበትም። የጨዋታው ትውልድ ግን ከእረኛ ሜዳ ነው። ስኮትላንዶች “ሊንክስ” የሚሉት በባሕሩና በእርሻው መካከል የተዘረጋውን፣ አሸዋማና ጉብታ የበዛበትን መሬት ነው። አሸዋ በመሆኑ እህል አይዘራበትም፤ ነፋሱም ዛፍ አያሳድግም። ያለው አጭር ሣር ነው፤ እሱንም በግና ጥንቸል ይግጡታል። ዛሬ ተጫዋቹን የሚያማርሩት የአሸዋ ጉድጓዶች እንኳ በጎች ከነፋስ ለመጠለል እየተኙ ያጎደጎዷቸው እንደነበሩ ይተረካል።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚጫወተው ማን ነበር? መልሱን ከአዋጁ እናገኘዋለን። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጎልፍንና እግር ኳስን የከለከለው ሰዉ የቀስት ልምምዱን እየተወ አስቸገረ በሚል ነበር። ጨዋታው የጥቂት መኳንንት ቢሆን ኖሮ አዋጅ ማስነገር ባላስፈለገ ነበር። እኛም ዘንድ ቢሆን በገና ጨዋታ ባላገሩም ባላባቱም በአንድ መስክ ላይ በዱላ ሩር ሲያሳድዱ ይውላሉ፤ በዚያች ቀን የተጎሸመ ጌታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደዋል። ሜዳው የጋራ ሲሆን ጨዋታውም የጋራ ይሆናል።

የሴንት አንድሩስ ከተማ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በ1552 ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን በከተማው ሊንክስ ላይ ጥንቸል የማርባት ፈቃድ ሲያገኙ፣ ሕዝቡ ከብቱን የማሰማራት፣ ጎልፍና እግር ኳስ የመጫወት መብቱ እንደተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ አረጋገጡ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከተማው ዕዳ ውስጥ ገብቶ መሬቱ ከእጁ ወጣ። ጥንቸል አርቢዎች ገቡበት፤ ጎልፍ ተጫዋቾችና ጥንቸል አርቢዎች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በ1894 ግን ከተማው በፓርላማ ሕግ መሬቱን መልሶ ያዘ። እንግዲህ በዓለም የታወቀው የጎልፍ ሜዳ እስካሁን የሕዝብ ሀብት ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አምና ዘመድ ጥየቃ ወደ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ሄጄ ያየሁትን ለማውራት ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ በመኪና ይዛኝ ወጣችና ዊስሊንግ ስትሬትስ ከሚባለው የጎልፍ ሜዳ አደረሰችኝ። ቦታው ከውቅያኖስ እጅግ የራቀ ነው፤ ከፊቱ የተዘረጋው የሚሺጋን ሐይቅ ነው። ያየሁት ግን ጥርት ያለ የስኮትላንድ ዳርቻ ነበር። የአሸዋ ኮረብታ፣ ነፋስ የሚያስተኛው ረጅም ሣር፣ ፊታቸው ጥቁር የሆነ የስኮትላንድ በጎች፣ የክለቡም ቤት የአየርላንድ ገበሬ ቤት የመሰለ የድንጋይ ሕንፃ።

“ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አሸዋ እኮ በመኪና የመጣ ነው” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቦታው ቀድሞ ካምፕ ሄቨን የሚባል የፀረ አውሮፕላን ማሠልጠኛ ነበር፤ ሜዳ እንደ ምጣድ። የቧንቧና የመታጠቢያ ዕቃ ፋብሪካው ባለቤት ኸርበርት ኮህለር መሬቱን ገዙ፤ ፒት ዳይ የተባሉት ስመ ጥር ነዳፊ ከ13 ሺህ በላይ የጭነት መኪና አሸዋ አስመጥተው ኮረብታውን ሠሩት። በ1998 ተከፈተ። የአሸዋ ጉድጓዶቹ ብቻ 1,000 ገደማ ይሆናሉ። ከመብዛታቸው የተነሣ በ2010 በተደረገው የፒጂኤ ሻምፒዮና ደስቲን ጆንሰን በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ፣ ተመልካች የረገጠው ተራ መሬት መስሎት ዱላውን አሸዋው ላይ አስነካ። ለካስ እሱም ከሺዎቹ አንዱ ኖሯል! በሁለት ምት ተቀጣና ዋንጫው አመለጠው። የተሠራ ተፈጥሮ ዋናውን ባለሙያ እንኳ ያሳስታል።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ኮህለር መንደር ገባን። የሜዳው እንግዶች የሚያድሩበት ሆቴል እዚያ ነው፤ ስሙ “ዘ አሜሪካን ክለብ”። ባለ ቀይ ጡብ፣ ያማረ ሕንፃ። ክለብ የሚለው ቃል እዚህ ሌላ ታሪክ አለው። ሕንፃው በ1918 የተሠራው ለፋብሪካው ስደተኛ ሠራተኞች ማደሪያ ነበር። ከአውሮፓ የመጡ ላጤ ወዛደሮች ይበሉበት፣ ይተኙበት፣ እንግሊዝኛና የዜግነት ትምህርት ይማሩበት ነበር። የፋብሪካው መሥራችም ቢሆን ከኦስትሪያ የመጣ ስደተኛ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ሳቀች። “እኔ ለዜግነት ፈተናው ያጠናሁት ከሌሊት ሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው” አለች።

በርኅራኄው ብቻ እንዳንታለል ግን የሚከተለውን ማንበብ ያስፈልጋል። በ1934 የኮህለር ሠራተኞች አድማ መቱ፤ በተኩስ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በ1954 የተጀመረው ሌላ አድማ ስድስት ዓመት ወሰደ፤ የፍርድ ቤት ክርክሩ ከዚያም አለፈ። አልጋውንና ትምህርቱን የሰጠ አሠሪ፣ ሠራተኛው ተደራጅቶ እኩል ልነጋገር ሲለው እጁን አጠፈ። ስጦታና መብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ስጦታን የሰጠው ይወስደዋል። የወዛደሮቹ ማደሪያም በ1981 የቅንጦት ሆቴል ሆኖ ተከፈተ።

በደል ነው ለማለት አይደለም። ሜዳው እንደ አንዳንድ ክለቦች አባል ያልሆነን አያባርርም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለ ሁሉ ይጫወታል። የተጣለ የጦር ሰፈርም ወደ ውበት ተለውጧል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኜ ለዓመታት ስለ ቅጂና ስለ ዋናው ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ዓይኔ የሚሄደው በቅጂው ውስጥ የጎደለውን ወደ መፈለግ ነው።

በሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ላይ እሑድ እሑድ በልማድ ጎልፍ የለም። የዓለም ሻምፒዮና በሚደረግበት ሣር ላይ የከተማው ሰው ልጁን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ይንሸራሸራል። ማንም ትኬት አይጠይቀውም፤ ሜዳው የእሱ ነዋ። በዊስኮንሲን አሸዋው ተቀድቷል፤ በጎቹም መጥተዋል፤ ነፋሱን ሐይቁ በነፃ ይሰጣል። ያልተቀዳው ያ እሑድ ነው። እሱ ደግሞ በጭነት መኪና አይመጣም።