እፉኝቷን ማን ይገዛል?

ጠጋ ጠጋ በሉማ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እባብ ነው። በደረቷ የምትሳብ እንዳይመስላችሁ፤ አራት ጎማና አሥር ሲሊንደር አላት፣ ስታልፍ የመስኮት መስታወት ይንቀጠቀጣል። አገሯ አሜሪካ፣ ከተማዋ ዴትሮይት ነው። ስሟን ቫይፐር ብለዋታል፤ በእኛ ቋንቋ እፉኝት ማለት ነው።

የድሮ ሰዎች ስለ እፉኝት የሚሉትን ታውቃላችሁ፤ ስትወለድ የእናቷን ሆድ ቀዳ ነው የምትወጣው ይባላል። የዚህችኛዋ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ልጇን አንጠልጥላ ገበያ የወጣችው እናትየዋ ናት።

ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምቆጥርላችሁ፤ ነገሩ የነሱ ነውና።

እናትየዋ ክራይስለር ትባላለች። ከሦስቱ የዴትሮይት ታላላቅ የመኪና ቤቶች ትንሿ ነበረች፤ መውደቅና መነሣት ደግሞ ልማዷ ነበር። በ1979 ካዝናዋ ተራቁቶ ልትዘጋ ደርሳ ነበር። ያን ጊዜ ሊ አያኮካ የሚባል፣ ፎርድ ጥቂት ቀደም ብሎ ያባረረው አንደበተ ርቱዕ ሰው መሪዋን ያዘና ዋሽንግተን ሄዶ ደጅ ጠና። መንግሥት ለ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነላት። አያኮካም ቀኑ ሳይደርስ፣ በ1983 ብድሩን ጨርሶ ከፈለና የአገር ጀግና ሆነ።

ታዲያላችሁ፣ ቤቱን ያተረፈው በምን መሰላችሁ? ነዳጅ በሚቆጥቡ ቁጥብ ያሉ የቤተሰብ መኪኖችና በሚኒቫን ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ አስቤዛ ይጭናሉ፤ ምንም አይወጣላቸውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ የሚኒቫን ፎቶ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ጎረምሳ አይታችኋል? ክራይስለር ጠግባ ነበር። የሚያያት ግን አልነበረም።

ይሄ ነገር ያንገበገበው ከቤቱ አለቆች አንዱ ነበር፤ ቦብ ሉትዝ ይባላል። ስዊዘርላንድ የተወለደ፣ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ፣ አፉን የማይቆጥብ ሰው ነው። በ1988 የንድፍ ኃላፊውን ቶም ጌልን ጠርቶ፣ የዘመናችንን ኮብራ እንሥራ አለው። ኮብራ ማለት በ1960ዎቹ ካሮል ሼልቢ የሚባል ቴክሳሳዊ ቀላል የእንግሊዝ ቦዲ ላይ ትልቅ የፎርድ ሞተር ቀርቅሮ የፈጠራት መኪና ናት። ኮብራም እባብ አይደለች? እንግዲህ እባብ እባብን ልትወልድ ነው።

በጥር 1989 ዴትሮይት በተካሄደው የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ እፉኝቷ ቀይ ለብሳ ቀረበች። ለዓይን ብቻ የተሠራች ናሙና ነበረች። ሕዝቡ ግን ናሙና መሆኗን አልሰማ አለ። መቼ ነው የምትሸጧት ብሎ ወጠራቸው።

ሞተሯን ስሙልኝ። መነሻው ክራይስለር ለጭነት መኪኖቿ የምታዘጋጀው አሥር ሲሊንደር ነው። የጭነት ሞተር ግን ብረቱ ከባድ ነው፤ ለስፖርት መኪና አይሆንም። ስለዚህ ብሎኩን በአሉሚኒየም እንዲያቀልሉት ወደ ጣሊያን፣ ወደ ላምቦርጊኒ ተላከ። ላምቦርጊኒ በዚያን ጊዜ የማን ነበር ትሉኛላችሁ? የክራይስለር! በ1987 ገዝታው ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አያኮካ በ1990 ይሠራ ብሎ ፈቀደ። በዓመቱ ደግሞ ማንም ያላሰበው ዕድል መጣ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የ500 ማይል ውድድር፣ ተወዳዳሪዎቹን ከፊት እየመራች የምታስጀምር መኪና አለች። የ1991ዱ ተራ የዶጅ ነበር፤ ዶጅ ማለት እፉኝቷም የተሸጠችበት የክራይስለር የንግድ ስም ነው፤ የታጨችውም ዶጅ ስቴልዝ ነበረች። የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ይሄን ሲሰማ ቱግ አለ፤ ስቴልዝ ጃፓን ውስጥ ሚትሱቢሺ የሚሠራት መኪና ናታ! በአሜሪካ ታላቅ ውድድር ፊት የጃፓን መኪና? አይሆንም ተባለ። እፉኝቷ ገና ለገበያ ሳትበቃ በጥድፊያ ተዘጋጅታ ወጣች። መሪውን የጨበጠው ሼልቢ ራሱ ነበር፤ የሌላ ሰው ልብ በቀዶ ሕክምና ከተተከለለት ዓመት ያልሞላው ሽማግሌ።

በ1992 ለሽያጭ ስትወጣ 8 ሊትር ሞተርና 400 የፈረስ ጉልበት ነበራት። የሌላትን ልቁጠርላችሁ ብል ግን ይመሻል። በሩ ላይ የውጭ እጀታ የለም፤ እጅህን አስገብተህ ከውስጥ ነው የምትከፍተው። የመስኮት መስታወት የለም፤ በዚፕ የሚዘጋ ላስቲክ ነው። ኤርባግ የለም። ማርሚታዋ እንደ ሌላው መኪና ከኋላ አይደለም፤ በሁለቱም ጎን ከበሮቹ ሥር ነው የሚወጣው። ቁምጣ ለብሶ በግዴለሽነት የወረደ ሰው ባቱን ይጠበሳል። እባብ ገዝቶ አልነደፈኝም ማለት አለ እንዴ?

እንዲህም ሆና ወደዷት። የሚሠሯት በእጅ ነበር፣ ከ1995 ጀምሮ ዴትሮይት ውስጥ ኮነር አቬኑ በሚባል ትንሽ ፋብሪካ። ወደ ፈረንሳይ ተሻግራም ለማን በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር በምድቧ ሦስት ዓመት ተከታትላ፣ ከ1998 እስከ 2000፣ አሸነፈች። ዴይቶና ላይማ በ2000 ሁሉንም ቀድማ ገባች።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር። ክራይስለር ላምቦርጊኒን በ1994 ለኢንዶኔዥያ ባለሀብቶች ሸጠችው። የማያተርፍ ጌጥ ነው ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ የጀርመኑ አውዲ እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደ ደለበ የምታውቁት ነው። ይቺ ቤት የስፖርት መኪና ስትሸጥ እንግዲህ የመጀመሪያዋ አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያው ሽያጭ የእግር እሳት ሆኖባት መቅረት ነበረበት። ግን ሻጩ ሌላ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አስኪያጅ ሌላ፤ ማን ያስታውሳል?

ክራይስለር ራሷም ከእጅ ወደ እጅ ገባች። በ1998 የቤንዝ ባለቤት ዳይምለር ጠቀለላት። የእኩዮች ጋብቻ ነው ብለው ነበር የደገሱት። ትዳሩ አልሰመረም። በ2007 ዳይምለር 80 በመቶውን ሰርብረስ ለሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ለቀቀና እጁን ታጠበ። ሰርብረስ በግሪኮች ተረት የሙታን አገር በር የሚጠብቅ ባለሦስት ራስ ውሻ ነው። ውሻና እባብ በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ውሻው ቤቱን እንዲያስተዳድርለት የቀጠረው ሮበርት ናርዴሊን ነው፤ ከዚያ በፊት ሆም ዲፖ የተባለውን ሚስማርና ቆርቆሮ፣ ቀለምና ጣውላ የሚሸጥ ግዙፍ መደብር ይመራ የነበረ። ዓመት ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። በ2008 ክረምት አሜሪካ ውስጥ አንድ ጋሎን ቤንዚን ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። የክራይስለር ዋና እንጀራ ደግሞ ቤንዚን የሚጠጡ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች ነበሩ። ግቢው ባልተሸጠ መኪና ሞላ።

በዚያው ነሐሴ ናርዴሊ ብቅ አለና፣ የእፉኝቷን ሥራ ምን እንደምናደርገው እያጠናን ነው፣ ከሐሳቦቹ አንዱ መሸጥ ነው አለ። ዓይናቸውን የጣሉባት ሰዎች እንዳሉም ተናገረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአገራችን ክፉ ዘመን ሲገባ ባላገር መጀመሪያ ገበያ የሚያወጣው ምኑን ነው? ጥማድ በሬውን አይደለም፤ በሬ ከሸጠ ምን ያርሳል? በቅሎዋን ነው፣ ከነመጣብሯ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለሸንጎ የሚቀመጥባትን። በቅሎዋ አታርስም፣ ገብስ ትበላለች። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ሰውየው በማግስቱ በእግሩ ሲሄድ ያዩት ጎረቤቶች፣ የትናንቱን ዱቤ ዛሬ ይጠይቁታል። በቅሎዋ ታደርግ የነበረው እሱን ነበር፤ የሚያበድሩትን ሰዎች ማሳመን።

ናርዴሊ የያዘውም የዚያን ስሌት ነው። እፉኝቷ በዓመት በጣት የሚቆጠር ሺህ እንኳ አትሸጥም ነበር። ያን ዓመት 8.4 ሊትር፣ 600 የፈረስ ጉልበት ሆናለች፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ጎልምሳ አታውቅም። ጋራዥ ውስጥ ጌጥ ናት፣ መዝገብ ላይ ወጪ።

መስከረም ላይ ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ወደቀ፤ ብድር ደረቀ። በኅዳር የሦስቱ ቤቶች አለቆች ምክር ቤት ፊት ቀርበው እርዱን አሉ። የመጡበት ግን በየግል ጄታቸው ነበር! ለማኝ በካባ መጣ ብሎ አገሩ ሁሉ ጮኸባቸው። በታኅሣሥ ሲመለሱ ከዴትሮይት እስከ ዋሽንግተን መኪና ነድተው መጡ። ክራይስለር በጥር 2009 ከመንግሥት 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አገኘች። አልበቃትም፤ በሚያዝያ መጨረሻ ለኪሳራ ፍርድ ቤት እጇን ሰጠች።

ፍርድ ቤት ገበና አይደብቅም። የእፉኝቷም ዋጋ በዚያ ወጣ። ዴቨን ሞተርወርክስ የሚባል የካሊፎርኒያ ድርጅት ያቀረበው 5.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አምስት ነጥብ አምስት! አንዷ እፉኝት ያን ጊዜ ወደ 90,000 ዶላር ትሸጣለች። አስሉት፤ ስሙም ንድፉም መሣሪያውም ተጠቃሎ የስድሳ መኪና ዋጋ ነው። ሃያ ዓመት የቤቱን ስም ያስጠራች መኪና።

ገዢው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እፉኝቷን ከእናቷ ነጥለህ ስትወስዳት ምን ይቀርሃል? መለዋወጫውን ከአቅራቢዎች የምታገኘው በእናትየዋ ትእዛዝ ላይ ተደርባ ነው። የምትሸጠውም የምትጠገነውም በመላው አሜሪካ በተዘረጉት የዶጅ ሻጮች በኩል ነው። የጭስ ምርመራ፣ የአደጋ ፍተሻ፣ ዋስትና፣ ይሄን ሁሉ የምትሸከመው ትልቋ ቤት ናት። ለብቻዋ ስትቆም ኮፈኗ ረጅም፣ ስሟ አስፈሪ፣ ሆዷ ባዶ ናት። እናትየዋ ሸክም ናት ብላ አወጣቻት፤ ገበያው ደግሞ ያለ እናቷ ይቺን ታህል ናት አለ።

በሰኔ 2009 ክራይስለርን ከፍርድ ቤት ያወጣት ፊያት ነው። ፊያት ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲዎች የእሱ ነበሩ፤ መካኒኮቻችንም እስከ ዛሬ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚሉት በጣሊያንኛ ነው። የፊያቱ አለቃ ሰርጂዮ ማርኪዮኔ በሳንቲም የሚከራከር ሰው ነበር። ሆኖም በሐምሌ እፉኝቷ አትሸጥም ተባለ።

ዴቨን ግን ጓጉቶ ቀድሞ ነበር። ያን ነሐሴ በእፉኝቷ አጥንት ላይ የሠራትን መኪና ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዕይታ አቀረበ። አጥንቱን የሚሸጥለት ሲያጣ መኪናው ቀረና ሥራው ወደ ምን ዞረ መሰላችሁ? ወደ እጅ ሰዓት። እውነቴን ነው።

አትሸጥም ተባለ እንጂ ትኑር አልተባለም። በ2010 ክረምት ኮነር አቬኑ ተዘጋ። ከዚያ ራልፍ ጂልስ የሚባል፣ ወላጆቹ ከሄይቲ የመጡ ንድፍ አውጪ ማርኪዮኔን ወትውቶ አዲስ እፉኝት አስፈቀደ፤ በ2012 ኒውዮርክ ላይ 640 የፈረስ ጉልበት ይዛ ቀረበች። በሩ ላይ እጀታ፣ መስኮቱ ላይ መስታወት ነበራት፤ መቀመጫው በቆዳ ተለብጧል። ገዢ ግን አነሰ። በ2014 ፋብሪካው ለጊዜው ቆመ፣ ዋጋዋም በ15,000 ዶላር ተቀነሰ። አልሆነም።

በመጨረሻም መጋረጃ መጣባት። የአሜሪካ መንግሥት ተሳፋሪ በአደጋ ጊዜ በመስኮት እንዳይወረወር የሚከላከል ደንብ አወጣ። ያን ለማሟላት ከመስኮቱ በላይ እንደ መጋረጃ የሚዘረጋ ኤርባግ ያስፈልጋል። የእፉኝቷ ጣራ ዝቅ ያለ ነው፤ መጋረጃውን የምትደብቅበት ቦታ አልነበራትም። ያለ አንድ ኤርባግ የተወለደችው መኪና በኤርባግ ጉዳይ፣ በነሐሴ 2017 መጨረሻ፣ ከ30,000 ጥቂት በሚበልጡ እህቶቿ ላይ ቆመች።

ኮነር አቬኑ አልፈረሰም። በዓመቱ ጠረጉትና ኮነር ሴንተር ብለው ሰየሙት። ሠራተኞቹ አሥሩን ሲሊንደር በእጃቸው ይገጥሙበት በነበረው ወለል ላይ፣ የክራይስለር አሮጌ መኪኖችና ናሙናዎች እንዲደረደሩ ተደረገ። የማይሸጡት።