የቅዳሴ ወይን በላስታ ደጋ

ላስታ በወይን ተክል የታወቀ አገር አይደለም። ይሁን እንጂ አብያተ ክርስቲያናቱ ያለ ወይን አይቀድሱም። ሕዝቡ ገብስ እያመረተ ጠላ በሚጠጣበት ደጋ የቅዳሴው ወይን እንዴት ይገኝ ነበር? የዚህች አጭር ጥናት ጥያቄ ይኸው ነው።

አንዳንዶች «ወይና ደጋ» የሚለውን ቃል እየጠቀሱ ደጋችን ጥንት የወይን አገር ነበር ይላሉ። ስም ብቻውን ግን የምርት ማስረጃ አይሆንም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋና በወይና ደጋ ወሰን ላይ ትገኛለች። ወይንን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ቅጠሉን ለሻጋታ፣ ፍሬውን ለመበስበስ ይዳርገዋል። በእንግሊዝ አገር በ1086 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በተጻፈው የመሬት መዝገብ ከ40 በላይ የወይን ቦታዎች ተመዝግበዋል፤ በዚያች ደሴት የሚያስቸግረው የፀሐይ ማነስ ነው።

በላስታ ትውፊት ቄስም ንጉሥም ለነበረው ለይምርሐነ ክርስቶስ የቍርባኑ ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት ነበር። ታሪክ መርማሪ ይህን እንደ ተአምር ብቻ ቈጥሮ ማለፍ የለበትም፤ ወይን ብርቅ በሆነበት አገር የተነገረ ነውና።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ ትውፊት ሰምቶ ጽፏል። ስለ ላሊበላ ሕንፃዎች ሲጽፍ «አያምኑኝም» ብሎ የሠጋው ይህ ሰው የወይኑን አሠራር ግን እንደ ባለሙያ ሴት ዘርዝሮታል። ዘቢቡ 10 ቀን ውሃ ውስጥ ይቈያል፤ ካበጠ በኋላ ጠፈፍ ይላል፤ ከዚያም ተጨምቆ በጨርቅ ይጠለላል። የወይን ጠጅ በግልጽ የሚጣልባቸውም ቤቶች የንጉሡና የአቡነ ማርቆስ ብቻ እንደ ነበሩ ይመሰክራል።

እንግዲህ እርጥብ ወይን በበቅሎ መንገድ በጥቂት ቀን ይበላሻል፤ ዘቢብ ግን ወራት ይቈያል። ስለዚህ ሩቁ ደብር የሚያስፈልገው የወይን አትክልት ሳይሆን ነጋዴና በቤተ ልሔም የሚያዘጋጅ ዲያቆን ነበር።

በ2014 ለገበያ የቀረበው የዝዋይ ወይን ከፈረንሳይ ከመጡት ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተገኘ ነው፤ ቦታው ግን ከላሊበላ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ያለና በመስኖ የሚለማ ነው። ምእመናን ዛሬም ለደብራቸው ሲሳሉ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ይላሉ፤ ሦስቱም ሩቅ መንገድ ሳይበላሹ የሚዘልቁ ናቸው።