የሐበሻ ጥድና የግንባር ጡንቻ፤ የአንድ የላቲን ቅጽል ታሪክ

በወንዶ ገነት የደን ትምህርት የሚከታተል የሐዋሳ ዩኒቨርስቲ ተማሪ የሐበሻን ጥድ «ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ» ብሎ ያጠናል፤ በዚያው ዩኒቨርስቲ ሕክምና የሚማረው ባልንጀራው ደግሞ ከአፍንጫ አጥንት ተነሥታ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ወዳለው ቆዳ የምትወጣውን ትንሽ ጡንቻ «ፕሮሴሩስ» ይላታል። ሁለቱ የያዙት ቃል አንድ ነው።

ቃሉ የላቲን ቅጽል ሲሆን ትርጓሜው ረጅም፣ ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ቁመተ መለሎ ማለት ነው። በላቲንም እንደ ግእዝ ቅጽል ጾታን ይከተላል፤ እኛ ለወንድ ነዊኅ፣ ለሴት ነዋኅ እንደምንለው ሁሉ፣ በዚያ ቋንቋ ጡንቻ ወንድ ስለ ሆነ ፕሮሴሩስ፣ ጥድ ሴት ስለ ሆነች ፕሮሴራ ተባለ። ለጥድ ስሙ ይገባታል፤ እስከ 40 ሜትር ትደርሳለችና። ለጡንቻዋ ግን ቅጥነቷና ሽቅብ መቆሟ ካልሆነ በቀር ከቁመት የሚቈጠር ነገር የላትም። የቀድሞ ሐኪሞች በቅርጿ «የአፍንጫ ፒራሚድ» ማለታቸው ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ሥራዋ ቅንድብን ወደ ታች ስቦ በአፍንጫ ሥር አግድም መስመር ማውጣት ነው፤ ባለጉዳይ በበር ብቅ ሲል ግንባሩን የሚቋጥር ጸሐፊ የእርሷንና የጎረቤቶቿን እርዳታ ያገኛል።

የጥዷ ስም አመጣጥ እንዲህ ነው። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሾሙት፤ በ1878 በዐድዋ እስኪሞት ድረስ ዕፀዋትን እያደረቀ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። ከላከው መካከል ጥድ ነበረች። ሆሽስቴተር የተባለው ሊቅ ስም አወጣላት፤ የቪየናው ኤንድሊኸር በ1847 በመጽሐፍ አሳተመው።

ጤፍ በሳይንስ ስሙ ውስጥ የእኛን ቃል እንደ ያዘ ቀርቷል፤ ቡናችን በአንጻሩ የዐረብ ተባለ። ጥድ ደግሞ አገሯም ቋንቋዋም የማይታወቅበት ስም ደረሳት። ሕዝቡ ግን ከባሕር ማዶ የመጣውን ዛፍ «የፈረንጅ ጥድ» ብሎ ለይቶ የራሱን አልተወም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻን ደን በሚመለከት የቈየው ትውፊት፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይላል። ይህም ኤንድሊኸር መጽሐፉን ከማሳተሙ ወደ 400 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው፤ በመናገሻ ሱባ ዛሬም ያረጁ ጥዶች ቆመው ይታያሉ።