ህግ ለመማር ምን ያስፈልጋል? ከ12ኛ ክፍል እስከ ጥብቅና ፈቃድ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተገለጸ ቁጥር ተማሪዎችና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱትን ይህን ጥያቄ ዛሬ በአንድ ቦታ ለመመለስ እንሞክራለን።

ለምን ህግ?

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሰረት የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የወቅፍና የሂባ ጉዳዮችን ተከራካሪ ወገኖች ሲስማሙ ይዳኛሉ። ፍርዱ በኢስላማዊ ህግ ይሰጣል፤ የክርክሩ አካሄድ ግን የሚመራው በመደበኛው የስነ ስርዓት ህግ ነው። ፊቅህ የሚያውቀው የስነ ስርዓት ህጉን ካላወቀ፣ ህግ የተማረውም ፊቅህን ካላወቀ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው ቀለብ በምትጠይቀው እናትና ውርሱን በሚጠብቀው የቲም ላይ ነው። ሁለቱንም የያዙ ልጆች ያስፈልጉናል።

የመግቢያ መስፈርቶች

1. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፦ በመደበኛው መንገድ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ፈተናው ከ600 ሲታሰብ 300 ማለት ነው። ህግ የሚገቡት በአብዛኛው የማህበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው።

2. ሪሚዲያል፦ 50 በመቶ ያልሞላላቸው ተማሪዎች በየዓመቱ በሚወጣው መቁረጫ ነጥብ መሰረት በዚህ ፕሮግራም ሊታቀፉ ይችላሉ። ማለፍ ግን ግዴታ ነው።

3. ምደባ፦ ዩኒቨርሲቲ መግባት ብቻውን ህግ ትምህርት ቤት አያስገባም። ተማሪው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ቀጥሎ በምርጫውና በውጤቱ ይመደባል። ህግ ተፈላጊ ስለሆነ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ቀላል አይደለም። የትምህርቱ ጊዜ በጠቅላላው 5 ዓመት ነው።

4. የግል ተቋማት፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙ ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን እውቅና ማግኘቱን አረጋግጡ። እውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ስለሆነ «ኮሌጁ እውቅና አለው» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም።

የመድረሳ ተማሪዎችስ?

የመድረሳ ወይም የሒፍዝ ሰርተፍኬት የ12ኛ ክፍልን ውጤት አይተካም። በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ቁርኣን ሐፍዘው መደበኛ ትምህርታቸውን ከ8ኛ ክፍል ያቋረጡ ጎበዝ ልጆች አይተናል። በኋላ ህግ ለመማር ሲመኙ የማታ ትምህርት ከመጀመር ሌላ መንገድ አላገኙም። ወላጆች ሆይ! ሒፍዙም ይቀጥል፣ ትምህርት ቤቱም አይቋረጥ።

ከሳዑዲ፣ ከግብጽ ወይም ከሌላ አገር በሸሪዓ የተመረቁ ደግሞ ማስረጃቸውን ለአቻ ግመታ ለባለስልጣኑ ማቅረብ አለባቸው። የሸሪዓ ዲግሪና የአገሪቱ የህግ ዲግሪ አንድ አለመሆናቸውንም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ከምረቃ በፊትና በኋላ

የህግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መውሰድ ይጠበቅባቸዋል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ከተመረቁ በኋላ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ለመቆም ዲግሪው ብቻውን በቂ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሰረት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

ማሳሰቢያ

የመቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በቴሌግራም የሚዘዋወር ወሬ ሳይሆን የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ይታመን። «እናስመድባለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ አንድ ብር አትስጡ።

ለተፈታኝ ልጆቻችን ሁሉ አላህ ያግራላቸው፤ ለተበዳይ የሚቆሙ፣ ሐቅ የሚናገሩ የህግ ባለሙያዎች ያድርጋቸው። አሚን።