የሐዘን ድንኳን፦ እንግዶችን ጎረቤት ያደረገው የአዲስ አበባ እድር

«እድር» የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ የመለሰ ሰው ሁሉ ያው አንድ እንቅፋት ያገኘዋል። የተለመደው ፍቺ «የቀብር ማኅበር» የሚል ነው። በትርጉም ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት እኔም በዚሁ ቃል ስገለገል ኖሬአለሁ፤ ሆኖም የግርጌ ማስታወሻ ሳልጨምርበት ያለፍሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀብር በአንድ ቀን የሚፈጸም ጉዳይ ሲሆን እድር የዕድሜ ልክ ውል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ፍቺ አንድ ትልቅ ታሪክ ያስቀራል፤ ይኸውም ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸውና የትውልድ ስፍራቸው የተለያየ ሰዎች በአንዲት ከተማ ተገናኝተው ጎረቤት ለመሆን እንዴት እንደ በቁ የሚነግረን ታሪክ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ መረዳዳት ለማንም ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ሱዳናውያን ነፊር፣ ኬንያውያን ሐራምቤ፣ ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት ልማድ አላቸው። የኢትዮጵያ ገበሬም በደቦና በወንፈል ሲያርስና ሲያጭድ ኖሯል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የበቀሉት ግን አስቀድሞ በዝምድና፣ በቋንቋ ወይም በእምነት በሚተዋወቅ ሕዝብ መካከል ነው። የአዲስ አበባው እድር የሚለየው እርስ በርስ ባዕድ በነበሩ ሰዎች መካከል በማደጉ ነው።

የሰፈሮች ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) መልኳ ከከተማ ይልቅ የጦር ሰፈርን ይመስል ነበር። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ተተከለ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው ከነጭፍሮቻቸው በዙሪያው ባሉት ጉብታዎች ሰፈሩ። በመካከላቸው ወንዝና ገደል ነበረ። ዛሬ የከተማ መንደርን «ሰፈር» ብለን መጥራታችን የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ራስ መኰንን፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በየስማቸው የሚጠራ ሰፈር ትተው አልፈዋል፤ የእጅ ባለሙያዎች ሠራተኛ ሰፈርን፣ አርመኖችም አርመን ሰፈርን አስጠርተዋል።

የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ሥራና ንግድ ፈላጊው በዛ። ከጉራጌ አገር የመጣው ሠራተኛ፣ ከጋሞ ደጋ የመጣው የዶርዜ ሸማኔ፣ ከከተማዋ ዙሪያ እህልና እንጨት የሚያመጣው የኦሮሞ ገበሬ፣ ከየመን የተሻገረው ዐረብ ባለሱቅ፣ ግሪኩና ሕንዱ ነጋዴ በአራዳ ገበያ ይገናኙ ነበር። ገበያ ግን ሰውን የሚያገናኘው ለሰዓታት ነው፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየወገኑ ይመለሳል።

ከወንዝ ልጅነት ወደ ጉርብትና

ከአገሩ ርቆ የሚኖርን ሰው ከድህነት ይልቅ የሚያስፈራው ቀባሪ ማጣት ነው። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ ይቀብረዋል፤ ከተማ ለገባ እንግዳ ግን ይህ ዋስትና አልነበረውም። እነ አሉላ ፓንክረስት ባደረጓቸው ጥናቶች እንደ ተመለከተው፣ እድር በአውሮፓውያኑ ሃያኛ መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ በአዲስ አበባ ብቅ ያለ ሲሆን፣ ከጅምሩ ጋር የጉራጌ ተወላጆች ስም አብሮ ይነሣል። በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሞት በደረሰ ጊዜ ከተጠራቀመው ወጥቶ ሟች በክብር ይቀበራል። በዚያን ጊዜ አባላቱን የሚያሰባስባቸው በአብዛኛው የወንዝ ልጅነት ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ቀባሪ የማጣት ፍርሃት የከተማው ሁሉ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተጨፈጨፉ። ወራሪው መንግሥት ነጩን ከአገሬው ለይቶ ለማስፈር ዐቀደ፤ የአራዳን ገበያም ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለውን አቋቋመ። እድሮች እየተስፋፉ የመጡት በዚሁ ዘመንና ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት እንደ ሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ።

ቀስ በቀስም አንድ ለውጥ ታየ። ከአገር ልጆች እድር ጎን የሰፈር እድር ቆመ፤ «የየት አገር ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ «ቤትህ የቱ ጋ ነው?» በሚል ተተካ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ድንኳኑ ግን ሳይረፍድ መተከል አለበት። የወንዝ ልጅ ከከተማው ሌላ ዳር እስኪደርስ የአጥር ጎረቤት ካስማውን ተክሎ ይጨርሳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል በእድር ውስጥ የአሠራር ደንብ ሆነ።

ጥሩምባና ንፍሮ

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞረ የሟቹን ስም ያሰማል። ወንዶቹ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሩን ከዕቃ ቤት አውጥተው ይሸከማሉ፤ ሴቶቹ ብረት ድስቱን ይጥዳሉ። በሐዘን ቤት የሚቀርበው ንፍሮ ነው። እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው በማይበላበት አገር፣ የተቀቀለ ስንዴና ሽምብራ ሁሉም ሳይሳቀቅ የሚዘግነው፣ ጾምም የማይከለክለው ምግብ ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት የሙስሊሙን ጀናዛ እስከ መቃብሩ ይሸኛል፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አስከሬን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይደርሳል። ጸሎቱን እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ያደርሳል። ከዚያ ተመልሰው በአንድ ድንኳን ሥር እስከ ሠልስት ድረስ አብረው ይቀመጣሉ።

በቀብሩ ላይ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ይህ ነገር ለባዕድ ዐይን ደረቅ ሥርዓት ሊመስል ይችላል፤ የእድር ምስጢር ግን እዚህ ላይ ነው። የምንወደውን ጎረቤት ለማስተዛዘን ደንብ አያስፈልገንም። ደንብ የሚያስፈልገው ቋንቋውን የማንሰማውን፣ በውኃ ቦይና በአጥር ድንበር የተጣላነውን ሰው ለመቅበር ነው። በዚያ ድንኳን አንድ ሌሊት ያደረ ሰው በማግስቱ ሰላምታ መንፈግ ይከብደዋል። ከዚህ በኋላ ደስታውም ይከተላል፦ ያው ድንኳን ለሠርግ ይተከላል፤ ሠርገኛውም ለሙስሊም ጎረቤቶቹ፣ ወይም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ፣ ሥጋውን በሚበሉት እጅ ለይቶ ያሳርዳል። በዓል ያገናኘውን ጎረቤት በዓሉ ሲያልፍ መርሳት ቀላል ነው፤ ግዴታ ያገናኘው ግን በዓሉንም አብሮ ያከብራል።

የእድር ጉድለት

እድርን እንከን የሌለበት አድርጎ ማቅረብ ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። ወርኃዊ መዋጮውን መክፈል ያቃተው ድኃ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚከራይ ቤተሰብ ከመዝገቡ ውጭ ይቀር ነበር። የድስቱ ሥራ የሴቶች ሲሆን የዳኝነቱ ወንበር ለረጅም ዘመን በወንዶች እጅ ቆይቷል፤ የሴቶች እድር ለብቻው የቆመበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የአገር ልጆች እድርም አልጠፋም። ብዙ ሰው የሰፈርም፣ የመሥሪያ ቤትም፣ የተወላጆችም እድር አባል ሆኖ ይኖራል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን የሰፈር ጉዳይ ወደ ቀበሌ ተዛወረ፤ ለእድር በአብዛኛው የቀረለት ቀብር ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ የኤድስ ወረርሽኝ ወጣቱን በጅምላ ሲቀጥፍ የእድሮች ካዝና ተራቆተ። ያን ጊዜ በርካታ እድሮች የታመመውን ወደ ማስታመም፣ ወላጅ አልባውንም ወደ መደገፍ ፊታቸውን አዞሩ። ለሟች ክብር የቆመው ማኅበር የሕያዋን ጠባቂ ወደ መሆን ተሸጋገረ።

መዝገቡ ሲበተን

በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው በዕጣ ጎረቤት ሆኗል። አሮጌዎቹ ሰፈሮችም አንድ በአንድ ፈርሰዋል፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አካባቢ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከአሮጌ ሰፈሩ የተነሣ ሰው ለቀድሞው እድር መክፈሉን ሳያቋርጥ፣ ለቀብር ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚገባው ጉዳት መሆኑን ተቀብሏል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ጥሩምባ ሲነፋ በደጅ የሚቆመውን ሰው በካሳው ገንዘብ መግዛት አይቻልም።

ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የሚያርዱበትና ድግስ የሚያበስሉበት የጋራ ሕንፃ ተሠርቶላቸዋል። በብዙ ግቢዎችም አዲስ እድር ተመሥርቶ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው እንግዳ እንደ ጥንቱ እንደገና መተዋወቅ ጀምሯል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ይሁን እንጂ ከታሪኩ እንዳየነው አንድን እድር ለማጽናት ትውልድ ይፈጃል፤ ለመበተን ግን አንድ ሳምንት ይበቃል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሰፈር መነሣቱ የግድ ከሆነ፣ የዕጣው ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት የእድሩ መዝገብ ይታይ። በአንድ መዝገብ የሰፈሩ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ቢሰፍሩ፣ ድንኳኑና ድስቱም አብሯቸው ቢሄድ፣ ለመንግሥት የሚጨምርበት ወጪ ጥቂት ነው። ለነዋሪው ግን በአዲሱ ቤቱ የመጀመሪያውን ሐዘን የሚቀመጠው ከሚያውቀው ሰው ጋር ይሆናል።