የድሬዳዋው ጥንታዊ መንጋጋና የተሻሩ የቅሪተ አካላት ስያሜዎች

ድሬዳዋ፦ መጋላን ከከዚራ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በሚፈስበት ሸለቆ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በአገራችን የጥንት ሰው ቅሪት ከተገኘባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ስያሜው በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው።

ዋሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 በፒየር ቴይያር ደ ሻርዳንና በሄንሪ ደ ሞንፍሬድ አማካይነት የታወቀ ሲሆን፣ በ1933 በተካሄደው ቁፋሮ የታችኛው መንጋጋ ስባሪ ተገኝቷል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሄንሪ ቫሉዋ በ1951 ባሳተሙት ጥናት፣ መንጋጋው ከኒያንደርታል ሰው ጋር የሚቀራረቡ ገጽታዎች እንዳሉት ገልጸው ነበር። ይሁን እንጂ የኒያንደርታል አጽም የተገኘው በአውሮፓና በእስያ እንጂ በአፍሪካ ባለመሆኑ፣ ይህ አገላለጽ ዛሬ ለመንጋጋው መጠሪያ ሊሆን አይችልም። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዚሁ ዋሻ 4 ሺህ 213 የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም ቁርጥራጮች የተገኙ ሲሆን፣ ጠቅላላ ክብደታቸውም 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

የስያሜ ለውጥ በሌሎች የኢትዮጵያ ግኝቶችም ታይቷል። በአፋር ክልል በአራሚስ የተገኘውና 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ቅሪተ አካል በ1994 አውስትራሎፒቴከስ ራሚደስ የሚል ስያሜ ተሰጥቶት ነበር። ከአውስትራሎፒቴከስ ወገን የተለየ መሆኑ ስለታመነበት በ1995 አርዲፒቴከስ ራሚደስ ተብሏል። በኦሞ ሸለቆ የተገኘው መንጋጋም በ1968 ፓራአውስትራሎፒቴከስ ኤትዮፒከስ ተብሎ የተሰየመ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ቃል ዛሬ በሥራ ላይ አይውልም። በ2003 ለኸርቶ የራስ ቅሎች የተሰጠውን ሆሞ ሳፒየንስ ኢዳልቱ የሚለውን ንዑስ ስያሜ ደግሞ በርካታ ተመራማሪዎች ትተው፣ ሆሞ ሳፒየንስ ብቻ ይሏቸዋል።

በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት፣ ለአንድ ዝርያ በሥርዓቱ ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው የዝርያ ስም ቀዳሚነት አለው። ዝርያው ወደ ሌላ ወገን ሲዛወር የወገኑ ስም ይቀየራል፤ የዝርያው ስም ግን ይቀጥላል። ራሚደስና ኤትዮፒከስ የሚሉት ቃላት ሳይለወጡ የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከስያሜ በተለየ፣ ለቅሪተ አካሉ የሚሰጠው የመዝገብ ቁጥር የምደባ ለውጥ አይነካውም። ሉሲ በማንኛውም የሳይንስ ጽሑፍ ኤ.ኤል. 288-1 ናት።

በመሆኑም የቅርስ መዝገብ፣ የሙዚየም መግለጫ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ወይም የቱሪስት መምሪያ የሚያዘጋጁ የሥራ ኃላፊዎች የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተገኘበትን ሥፍራና በሥራ ላይ ያለውን ስያሜ በቅድሚያ ማስፈር ይኖርባቸዋል። የተሻረው ስያሜም ከነዓመቱ በጎን ሊመዘገብ ይገባል። አሮጌው ስም ጨርሶ ከተሰረዘ በዚያ ስም የተጻፉ ቀደምት ሰነዶችን ከግኝቱ ጋር ማገናኘት ያዳግታል፤ ያለማብራሪያ ከቀጠለ ደግሞ የድሬዳዋን ጥንታዊ ነዋሪ በአፍሪካ አጽሙ ላልተገኘ ሕዝብ አሳልፎ ይሰጣል።